720 ዲግሪ የሚዞር የመንዝ ክብ ቤት በቪአር፦ ፖርታል፣ ሃይፐርቦሊክ ሜዳና የፊዚክሱ ጣጣ

ጓሳ_ፒክስል (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። በጎዶት 4.5 (የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር) የምንሠራው የቪአር (ምናባዊ እውነታ) ሥራ መንዝን የሚያሳይ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ የቆመበት ክብ ቤት። ተጠቃሚው በበሩ ይገባል። ምሰሶውን አንዴ ሲዞር ምድጃው በነበረበት ቦታ ጋጥ ያገኛል፤ ሁለተኛ ሲዞር ምድጃው ዘንድ ይመለሳል። ማለትም አንድ ሙሉ ዙር 360 ሳይሆን 720 ዲግሪ ነው። የሚዞረውም በገዛ እግሩ ነው። ያለን ባዶ ወለል 5 በ5 ሜትር፣ የቤቱ የውስጥ ሬዲየስ 2.2 ሜትር። መሣሪያው ኩዌስት 2 (ዓይን ላይ የሚደረግ የቪአር ሄድሴት) ብቻውን ነው፤ ኮምፒውተር አይደግፈውም።

የቸገረን ይኸ ነው። በሰብቪውፖርት (ሌላ ካሜራ የሚያየውን እንደ ምስል በሚያሳይ መስኮት) ፖርታል፣ ማለትም ወደ ሌላ ቦታ የሚያሳልፍ በር፣ ስንሠራ በሄድሴቱ ውስጥ የሚታየው ጥልቀት የሌለው ጠፍጣፋ ምስል ነው፤ በሰከንድ የሚሳለው ፍሬምም (ምስል) ከ72 ይወርዳል። ጋጡ ውስጥ ያለው በርጩማ ደግሞ ምድጃው ጋ ያለውን እንስራ ይገፋል፤ በዓይን አይገናኙም፣ በፊዚክሱ ግን አንድ ቦታ ላይ ናቸው። ከዚህ ሌላ ከቤቱ ውጭ ያለውን ሜዳ ሃይፐርቦሊክ (ከመሐሉ ሲርቁ ዳሩ ከተራው በላይ የሚሰፋ) ለማድረግ፣ የጣርማበርን ዋሻም በቀጥታ ሸዋ ሮቢት የሚያወጣ ፖርታል ለማድረግ አስበናል። የቱ ያስኬዳል?

የጅሩ_ሰንጋ

ጠፍጣፋ የሆነበት ምክንያት ሰብቪውፖርቱ ከአንድ ካሜራ ስለሚስል ነው፤ ያንኑ አንድ ምስል ለሁለቱም ዓይን ታሳያላችሁ። ይህን ለማቃናት ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ መሳል የግድ ነው። በ72 ኸርዝ ደግሞ ለአንድ ፍሬም ያላችሁ 13.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ኩዌስት 2 ላይ አይበቃችሁም። ግን ለዚህ ቤት ፖርታል ጨርሶ አያስፈልግም፤ ምሰሶው ራሱ ሥራውን ይሠራላችኋል።

ከዓይን የሚነሳ የእይታ መስመር ቀጥ ያለ ነው። ምሰሶውን በግራ ወይም በቀኝ ያልፋል እንጂ አይዞረውም። ስለዚህ አንድ መስመር በምሰሶው ዙሪያ የሚጠርገው ማዕዘን ምንጊዜም ከ180 ዲግሪ ያንሳል። ተመልካቹ በጠቅላላ ዙሩ 200ኛው ዲግሪ ላይ ቆሞ ከሆነ ሊያይ የሚችለው ከ20 እስከ 380 ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ መሳል የለበትም። ይህ ለአቋራጭ ተብሎ የተፈጠረ ዘዴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቦታ በእውነት ቢኖር ብርሃን የሚሄደው ልክ እንደዚህ ነው።

አሠራሩ፦ ሁለቱን ዙሮች (ዙር 0 ምድጃው፣ ዙር 1 ጋጡ) በአንድ ቦታ ላይ ደርባችሁ ሥሯቸው። የዙሩን ቁጥር በእያንዳንዱ ቨርቴክስ (የቅርጹ ጥግ ነጥብ) ቀለም ውስጥ አስቀምጡ። ወለሉና ግድግዳው ለየዙሩ ለብቻው ይሠራ፣ 0 ዲግሪው መስመር ላይም ይቆረጥ። ፍራግመንት ሼደሩ (የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም የሚወስነው ፕሮግራም) የነጥቡን ማዕዘን ከኤክስና ከዜድ በአርክታንጀንት ያወጣል፣ 360 × የዙር ቁጥር ይጨምርበታል፣ የጭንቅላቱን ጠቅላላ ማዕዘን ይቀንስለታል፤ ውጤቱን ከ−360 እስከ 360 ውስጥ ይመልሰዋል። ፍጹማዊ ዋጋው ከ180 ከበለጠ ነጥቡን ይጥለዋል። የጭንቅላቱ ማዕዘን በየፍሬሙ የአዲሱና የአሮጌው ልዩነት ከ−180 እስከ 180 ተደርጎ እየተደመረ ይሄዳል፤ 720 ሲሞላ ወደ 0 ይመለሳል። ለሁሉም ሼደር በግሎባል ፓራሜትር ላኩት።

የተቆረጠበት ስፌት ምንጊዜም ከምሰሶው በስተጀርባ ስለሚወድቅ አይታይም። ለሁለት ዓይን ሁለት ማዕዘን ማስላትም አያስፈልግም። ዓይን ከጭንቅላቱ መሐል ወደ 3.2 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ከዓይን ወደ ስፌቱ የሚሄደው መስመር ምሰሶውን ሲያልፍ ከመሐሉ ከ3.2 ሴንቲ ሜትር በታች ነው የሚርቀው። የምሰሶው ውፍረት 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሬዲየሱ 10 ነው፤ በደንብ ይሸፍነዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በሞባይል ጂፒዩ (የምስል ማቀነባበሪያ) ላይ በሼደር ውስጥ ነጥብ መጣል ውድ ነው፤ የተሸፈነውን አስቀድሞ የመተው ጥቅም ይጠፋል። ስለዚህ ቤቱን በ30 ዲግሪ ክፋዮች ቁረጡት፤ 720ው 24 ክፋይ ይሆናል። በአንድ ቅጽበት 11ዱ ሙሉ በሙሉ ይታያሉ፣ በተራ ማቴሪያል ይሳሉ። ድንበሩ ላይ ያሉት 2ቱ ብቻ የሚጥለውን ማቴሪያል ይልበሱ። የቀሩትን 11 ደብቋቸው። ከጠቅላላው የሚሳለው የአንድ ተራ ክብ ቤት ያህል ነው።

ጓሳ_ፒክስል

የጅሩ_ሰንጋ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሩስ? በሩ ዙር 0 ላይ ብቻ ነው ያለው። ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ማዕዘኑ ስንት ይባላል?

የጅሩ_ሰንጋ

ከውስጥ ሲታይ በሩ ራሱን ያስተካክላል። ጋጡ ጋ የቆመ ሰው የሚያየው የዙር 1ን ግድግዳ ነው፤ እዚያ ግድግዳ ላይ በር ስለሌለ ደጁ ይሸፈናል። ከውጭ ግን መደመሩን አቁሙ፤ ማዕዘኑን ከበሩ አቅጣጫ አንጻር ብቻ ከ−180 እስከ 180 ለኩት። ይህን ካላደረጋችሁ ቤቱን ከውጭ አንዴ ዞሮ የመጣ ሰው በሩን ሲከፍት ጋጥ ይገጥመዋል። በጀርባ በኩል መስኮት አታውጡ፤ ቁጥሩ ከ180 ወደ −180 የሚዘለው እዚያ ነው። የመንዝ ቤት ደግሞ ለብርዱ ሲባል መስኮቱ ጠባብና ጥቂት ስለሆነ ይህ አይከብዳችሁም።

ሞፈር_72

የበርጩማውንና የእንስራውን ነገር ልመልስ። ብዙ ሰው ለዙር 0 አንድ የግጭት ሌየር (ዕቃው የሚመደብበት ቡድን)፣ ለዙር 1 ሌላ ይሰጥና ዕቃው 360ን ሲሻገር ሌየሩን ይቀይራል። ድንበሩ ላይ የቆመ ዕቃ ግን ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ስለሆነ ወይ ወለሉን ሰብሮ ይወርዳል ወይ ይንቀጠቀጣል።

የሚሻለው አራት ሌየር ነው፦ ሀ ከ0 እስከ 180፣ ለ ከ180 እስከ 360፣ ሐ ከ360 እስከ 540፣ መ ከ540 እስከ 720። ዕቃው የሚኖርበት ሌየር ባለበት ክፋይ ይወሰናል። ማስኩ (ዕቃው የትኞቹን ሌየሮች እንደሚነካ የሚወስነው) ግን የሚቀየረው በክፋዩ ዳር ሳይሆን በክፋዩ መሐል ነው። ከ90 እስከ 270 ያለ ዕቃ ሀ እና ለን ይነካል፤ ከ270 እስከ 450 ለ እና ሐን፤ ከ450 እስከ 630 ሐ እና መን፤ ከ630 ዞሮ እስከ 90 መ እና ሀን። እንዲህ ሲሆን ማስኩ የሚቀየርበት ቦታና ሌየሩ የሚቀየርበት ቦታ በ90 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ ድንበር ላይ ያለ ዕቃ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጎረቤቶቹን ያያል። ሀ እና ሐ አንድ ቦታ ላይ ቢደረቡም አይነካኩም።

ምሰሶው ግን ለአራቱም ሌየር ጠንካራ መሆን አለበት። አንድ ዕቃ በ15 ሜትር በሰከንድ ቢወረወር በ72 ኸርዝ በአንድ እርምጃ 21 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ባለ20 ሴንቲ ሜትሩን ምሰሶ በአንድ እርምጃ ዘሎ ያልፋል። ያኔ በግራ ይሁን በቀኝ ማለፉ ስለማይታወቅ የዙር ቁጥሩ ይበላሻል። የሚወረወሩት ላይ ተከታታይ የግጭት ፍተሻውን አብሩ። የጎዶት ፊዚክስ እንዳለ ከተተወ በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚሠራው፤ ወደ 72 ካላነሳችሁት በእጅ የተያዘ ነገር ሁሉ ይርገበገባል።

እማማ_ዘነበች_ልጅ (መሐል ሜዳ)

ምሰሶው በእውኑ ክፍል ውስጥ እኮ የለም። ሰው ጭንቅላቱን ይዞ በመሐሉ ቢያልፍስ?

ሞፈር_72

እህቴ፣ ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው። ማዕዘን መሐሉ ላይ ትርጉም የለውም። ጭንቅላቱ ከመሐል 25 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሲገባ ምስሉን አጨልሙ፣ መደመሩንም አቁሙ። ሲወጣ ከገባበት ማዕዘን ጋር የሚቀርበውን ውሰዱለት። ከዚያ በላይ የሚረዳው ግን የእግር ስሜት ነው፤ መሐሉ ላይ የ1 ሜትር አጎዛ አንጥፉ። እግሩ ጠጉሩን ሲነካ ሰውየው ወደ ምሰሶው መቅረቡን ሳይነግሩት ያውቃል። እውነተኛ ግንድ ማቆም ያምራል፤ ግን ባዶ ነጭ ግድግዳ ባለበት ክፍል የሄድሴቱ ካሜራዎች የሚይዙት ምልክት ስለሚያጡ አቀማመጡ ይንሸራተታል፤ የሚታየው ምሰሶና የሚዳሰሰው ይለያያሉ። ግድግዳው ላይ ጥለት ያለው ጨርቅ ስቀሉ።

ሌላው ጣጣ ሪሴንተር ነው። ተጠቃሚው ቁልፉን ተጭኖ አቅጣጫውን ሲያድስ መነሻው በአንዴ ይዘላል፤ ድምሩም አብሮ ይዘላል። መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ሲጨልም የሚሆነውም ይኸው ነው። ጭንቅላቱ በአንድ ፍሬም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አትደምሩ፤ ምስሉን አጨልማችሁ በሩ ጋ ተመልሶ እንዲቆም ጠይቁት፣ ማዕዘኑንም 0 አድርጉ።

አንኮበር_ድምፅ

ድምፁን አትርሱ። ጋጡ ውስጥ ያለች ላም ብትጮህ ምድጃው ጋ ላለው ሰው ድምፁ በቀጥታ መምጣት የለበትም። የማዕዘን ልዩነቱ ከ180 ካነሰ ርቀቱ ተራ ርቀት ነው። ከ180 ከበለጠ ግን አጭሩ መንገድ ምሰሶውን ነክቶ የሚሄደው ነው፤ ርዝመቱም የሰሚው ከምሰሶ ርቀት ሲደመር የላሚቱ ከምሰሶ ርቀት ይሆናል። ስለዚህ የድምፁን ምንጭ ምሰሶው ላይ አስቀምጡት፤ ጥንካሬውን በዚያ ድምር ርቀት ቀንሱ፣ ከፍተኛውን ድምፅም በፊልተር ትንሽ ቁረጡለት። ሰው ምሰሶውን እየዞረ ሲመጣ ድምፁ ከምሰሶው ተላቆ ወደ ላሚቱ ይሄዳል፤ መሻገሪያው ላይ ርቀቱ እኩል ስለሆነ አይዘልም።

ሞገስ_99

ከ360 ያነሰ ቤት፣ ለምሳሌ 270 ዲግሪ፣ በዚሁ ዘዴ ይሠራል?

የጅሩ_ሰንጋ

ሕጉ ያው ነው፤ ሥራው ግን ይጨምራል። 360 ዲግሪ የሚያይ ዓይን 270 ብቻ ባለው ቤት ውስጥ አንዱን ዕቃ ከምሰሶው በግራም በቀኝም ሁለት ጊዜ ያየዋል። ስለዚህ የተደገመውን 90 ዲግሪ ሁለት ጊዜ መሳል አለባችሁ። በእግር ለሚሄድ ሰው ደግሞ የእውኑን ክፍል ሦስት ሩብ ሲዞር በቪአሩ ተመልሶ መነሻው ላይ ነው፤ የወለሉ ምልክቶች ከእግሩ ጋር አይገጥሙም። 720 ላይ ይህ ችግር የለም፤ አንድ የእውን ነጥብ ሁልጊዜ በእነዚያው ሁለት የቪአር ነጥቦች ላይ ነው የሚወድቀው።

መምህር_ዘእነዋሪ

ልጆች፣ የሜዳውን ጉዳይ እኔ ልያዘው። ሃይፐርቦሊክ ሜዳ ከቤቱ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ቤቱ ከምሰሶው በቀር የትም ቦታ ጠፍጣፋ ነው፤ ሜዳው ግን በእያንዳንዱ ነጥብ የተጣመመ ነው። ሰፌድ ስትሰፋ በየዙሩ ከሚገባው በላይ ስፌት የጨመረች ሴት ጠርዙ እየተርገበገበ አልተኛ ይላታል፤ ሃይፐርቦሊክ ወለል እንደዚያ ከመሐሉ እየራቀ ሲሄድ ዳሩ የሚበዛ ነው። የክብ ዙሪያ 2 × ፓይ × የሬዲየሱ ሃይፐርቦሊክ ሳይን ነው፤ ሬዲየሱ የሚለካው በጥምዘት ሬዲየስ ነው (ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ሜዳው ይበልጥ ይጣመማል)። በ1 ላይ 7.4 ይሆናል፣ በጠፍጣፋው 6.3። በ3 ላይ 62.9፣ በጠፍጣፋው 18.8። በ5 ላይ 466 ሲሆን በጠፍጣፋው 31.4 ብቻ ነው።

ሜዳውን በካሬ ንጣፍ ሥሩት፤ በአንድ ጥግ ላይ አራት ሳይሆን አምስት ካሬ ይገናኛል። የእያንዳንዱ ጥግ ማዕዘን 72 ዲግሪ ነው፣ ጎኑም የጥምዘት ሬዲየሱ 1.2537 እጥፍ መሆን አለበት። ጎኑን እንደፈለጋችሁ መምረጥ አትችሉም፤ በዚህ ጠፈር ትልቁና ትንሹ ካሬ አይመሳሰሉም፣ ማዕዘኑ ከጎኑ ጋር ይቀየራል።

ቦታን በአንድ ትልቅ ኮኦርዲኔት አትያዙ። በሃይፐርቦሎይዱ (ይህ ጠፈር በስሌት የሚወከልበት ጎድጓዳ ገጽ) ላይ ቁጥሮቹ በርቀት እንደ ኤክስፖኔንሻል ያድጋሉ፤ በ32 ቢት ፍሎት ከ8 ወይም 9 የጥምዘት ሬዲየስ በኋላ ትክክለኛነቱ ያልቃል፣ በ64 ቢትም ከ19 ገደማ አያልፍም። ዕቃው ያለበትን ካሬ ቁጥርና በካሬው ውስጥ ቦታውንና አቅጣጫውን የሚገልጸውን ማትሪክስ ያዙ። ጠርዝ ሲሻገር በጎረቤቱ ማትሪክስ አባዙትና ቁጥሩን ቀይሩ። ተመልካቹ ሁልጊዜ መነሻው ላይ ይሁን፣ ዓለሙ ወደሱ ይምጣ። ማትሪክሱንም በየፍሬሙ በሚንኮቭስኪ ውስጣዊ ብዜት (አንዱ አባል በተቃራኒ ምልክት በሚደመርበት የቬክተር ብዜት) በግራም-ሽሚት (ቬክተሮችን መልሶ ቀጤ ነክ በሚያደርግ ዘዴ) አስተካክሉት፤ ካልሆነ ቀስ በቀስ ዓለሙ ይንጋደዳል።

ከፍታውን ግን አታጣሙት። ወለሉ ሃይፐርቦሊክ፣ ቁመቱ ተራ ይሁን። ሃርት፣ ሆክስሊ፣ ማትሱሞቶና ሰገርማን በ2017 ለቪአር የሠሩት አንደኛው ይኸው ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ በተጣመመው ውስጥ ከወለሉ 1.6 ሜትር ከፍ ያለ ጭንቅላት ከእግሩ የበለጠ መንገድ ይሄዳል። የጥምዘት ሬዲየሱ 3 ሜትር ቢሆን ጭማሪው 14.6 በመቶ ነው፤ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል።

አሳሳሉ፦ ቨርቴክስ ሼደሩ ከዓይን እስከ ነጥቡ ያለውን አግድም ርቀት በተገላቢጦሽ ሃይፐርቦሊክ ኮሳይን ያወጣል፤ ነጥቡን በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ርቀት፣ በዚያው ከፍታ በተራ ጠፈር ላይ ያስቀምጠዋል። ቀጥ ያሉ ጠርዞች ስለሚቆለመሙ ትልልቅ ጎነ ሦስቶችን በትንንሹ ክፈሉ። በዚህ ሜዳ ላይ የራቀ ነገር ስፋቱ በፍጥነት፣ ቁመቱ ግን በዝግታ ነው የሚያንሰው። በ3 የጥምዘት ሬዲየስ ላይ የቆመ ሰው ከ3.3 እጥፍ በላይ ቀጥኖ ይታያል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ እንዳታስተካክሉት።

ጓሳ_ፒክስል

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የጥምዘት ሬዲየሱን ስንት ያደርጉት ነበር? 3 ሜትር ብናደርገው ጥምዘቱ በደንብ ይታያል ብለን ነበር። ደግሞስ በዚህ ሜዳ ድንጋይ ቢወረወር የጎዶት ፊዚክስ ይሠራል?

መምህር_ዘእነዋሪ

የጎዶት ፊዚክስ አይሠራም፤ ግን አያስፈልግህም። ቁመቱ ተራ ስለሆነ ሁለቱ እንቅስቃሴ ይለያያል። ድንጋዩ አግድም በቀጥታው መስመር በቋሚ ፍጥነት ይሄዳል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ደግሞ እንደ ወትሮው በ9.81 ይወድቃል። በቀመር ብቻ ይሰላል። የግድግዳ ግጭትም ቀላል ነው፤ የነጥቡና የግድግዳው ቀጤ ነክ ቬክተር ሚንኮቭስኪ ብዜት የርቀቱ ሃይፐርቦሊክ ሳይን ነው። ርቀቱ ከዕቃው ሬዲየስ ካነሰ ወደ ኋላ ግፋው። ትልቅ ጠጣር አካል ግን አትወርውር። 10 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ጎን ለጎን የተወረወሩ ሁለት ጠጠሮች 3 የጥምዘት ሬዲየስ ሲሄዱ በመካከላቸው 1 ሜትር ይሆናል። ትልቅ አካል ላይ ይህ ልዩነት እየሳበ የሚበጥስ ኃይል ይሆናል፤ ተራ ሜሽ (የዕቃው የጎነ ሦስቶች ቅርጽ) ይህን አያሳይም።

ስለ ሬዲየሱ፣ 3 ሜትር ለተቀመጠ ሰው ነው። 9 ካሬ ሜትር ቦታ ዙሪያውን ዞሮ የሚመለስ ሰው አቅጣጫው 57 ዲግሪ ይዛነፍበታል፤ የቪአሩ ቦታና የእውኑ ቦታ አይገጥሙም፣ ከእውኑ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። 20 ሜትር ብታደርገው መዛነፉ 1.3 ዲግሪ ብቻ ነው።

የጅሩ_ሰንጋ

መምህር፣ በአክብሮት እለያለሁ። 20 ሜትር ላይ የካሬው ጎን 25 ሜትር ይሆናል፤ በ5 ሜትር ክፍል የሚራመድ ሰው አንዱን ጥግ እንኳ ዞሮ አያየውም። ሃይፐርቦሊክ መሆኑን የሚያውቀው ከጽሑፍ ብቻ ይሆናል። በሌላ በኩል ደግሞ በትክክል በተሳለ ሃይፐርቦሊክ ስቴሪዮ (ለሁለቱ ዓይን ለየብቻ በተሳለ ምስል) ማለቂያ በሌለው ርቀት ያለ ነገር እንኳ ለሁለቱ ዓይን የተለያየ አቅጣጫ አለው። አእምሮ ይህን እንደ ተራ ርቀት ስለሚተረጉመው ዓለሙ ሁሉ በአንድ የጥምዘት ሬዲየስ ውስጥ የተጨናነቀ ይመስላል። በ3 ሜትር የጓሳ ሜዳ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ዓይንም ይደክማል። እኔ 6 ሜትር አድርጌ፣ ሜዳው ላይ በእግር መሄዱን ትቼ ተጠቃሚውን ደጃፉ መደብ ላይ አስቀምጬ በጆይስቲክ አስኬደው ነበር። በእግር መሄዱ ለቤቱ ይቆይ።

መምህር_ዘእነዋሪ

መደብ ላይ ከተቀመጠ 6 ሜትር እስማማለሁ። የካሬው ጎን 7.5 ሜትር ይሆናል፤ አምስት ካሬ የሚገናኙበትን ጥግ ሲዞር ጥምዘቱን ያየዋል።

ሞፈር_72

የጣርማበሩን ፖርታል በተመለከተ ችግሩ ጉልበት ነው። ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት ከ1,500 ሜትር በላይ ይወረዳል። ፖርታሉ በሁለቱም በኩል ክፍት ከሆነ ቁልቁል የተንከባለለ ነገር ታች ገብቶ ላይ ይወጣል፣ እንደገና ይንከባለላል፤ በየዙሩ ጉልበት ያተርፋል። ሰበቃ ከሌለ በአንድ ዙር ብቻ 172 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል፤ በ72 ኸርዝ በአንድ እርምጃ 2.4 ሜትር ማለት ነው፣ የትኛውንም ግድግዳ ዘሎ ያልፋል። ፊዚክሱን ጠብቃችሁ ፖርታሉ ላይ ጉልበቱን ብትቀንሱ (የፍጥነቱ ካሬ ሲቀነስ 2 × 9.81 × የከፍታ ልዩነት) ውጤቱ ኔጌቲቭ ይሆንና ከታች የመጣ ሁሉ ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ፖርታሉን ከላይ ወደ ታች ብቻ ክፈቱት፣ የዕቃ ፍጥነትም ከ25 ሜትር በሰከንድ እንዳይበልጥ ገድቡ፤ በአንድ እርምጃ 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ይይዘዋል። የመግቢያና የመውጫው ወለል ዝንባሌ አንድ ይሁን፤ ፖርታሉ የሰውን የስበት አቅጣጫ ከቀየረ ማቅለሽለሹ አይቀርም።

እማማ_ዘነበች_ልጅ

ከቤቱ ጎን ጎተራ ብትጨምሩ ደግሞ የሚጠቅም ጥናት አለ። ሱማና ባልደረቦቹ በ2012 ሁለት የቪአር ክፍሎችን በአንድ የእውን ቦታ ላይ ከፊል ደርበው ሰዎቹን አስኬዱ። ትንንሽ ክፍሎች እስከ 56 በመቶ ተደርበው ሰዎቹ አላወቁም፤ 9.14 በ9.14 ሜትሩን ቦታ የሞሉት ትልልቆቹ ግን እስከ 31 በመቶ ብቻ። የእናንተ ቤት 100 በመቶ ነው የሚደረበው፤ ስለዚህ መደበቅ አይሆንላችሁም። እንዲታወቅ አድርጋችሁ ሥሩት፤ የሁለቱ ዙር ወለል ይለይ፣ አንዱ ሣር የተጎዘጎዘበት፣ ሌላው እበት የተለቀለቀ።

ጓሳ_ፒክስል

ክፋዮቹን ዛሬ እንቆርጣለን። ለሙከራ ምን ብናደርግ ስሕተቱ ቶሎ ይታየናል?

የጅሩ_ሰንጋ

በ24ቱ ክፋይ ወለል ላይ ከ1 እስከ 24 ቁጥር ጻፉ። ጭንቅላቱ ያለበትን ጠቅላላ ማዕዘን በእጅ መቆጣጠሪያው ላይ አሳዩ። በዝግታ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ ዙሩ፤ የረገጣችሁት ቁጥርና የሚነበበው ማዕዘን መገጣጠም አለባቸው። ከዚያ ምሰሶውን ጠጋ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን በፍጥነት ከጎን ወደ ጎን አወዛውዙ፤ ስፌቱ ከምሰሶው ዳር ብቅ ካለ የጭንቅላቱ ማዕዘን ወደ ሼደሩ የሚደርሰው በአንድ ፍሬም ዘግይቶ ነው። የምትልኩበትን ቦታ የሄድሴቱ አቀማመጥ ከተነበበ በኋላ አድርጉት። በውርጭ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ የምትሞክሩ ከሆነም ሄድሴቱን ቀደም ብላችሁ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አቆዩት፤ የቀዘቀዘ ሌንስ የፊት ትንፋሽ ሲያገኘው ጉም ይለብሳል፣ ያኔ ስፌቱ ቢታይም አትለዩትም።